ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪው

እትዬ ባዩሽ የሞተች ዕለት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም። ይታያችሁ፣ ጂንካ ውስጥ! ላም ስትታመምብህ እንኳን ጎረቤት ተሰብስቦ "እግዜር ይማርልህ" በሚልበት ከተማ! ሰው ጠልቷት አይደለም። ከሰፈሩ ሴት ግማሿ ስትወልድ የእሷን ገንፎ በልታለች፤ እኔም ሁለቱን ልጆቼን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጥፋቱ የራሷ ነው። በቁሟ ጨጓራዬን ስትልጠው ኖራ፣ ስትሞትም እንደ ሰው ወግ እንዳላለቅስላት አድርጋኝ ሄደች።

እንዴት እንደሆነ ለመንገር ከማድ ቤቷ መጀመር አለብኝ። ከሌላ ቦታ ልጀምር ብል ራሷ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች።

ጂንካ የመጣሁት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ከአርባ ምንጭ፣ ለዞኑ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቤ። የአውሮፕላን ሜዳው ያኔ ከተማው መሃል ነበር። ሣር ሜዳ ነው፣ ከብት ይግጥበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል፣ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል። ከሜዳው ጀርባ እትዬ ባዩሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባሏ የሞተባት፣ ሩት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ያለቻት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሴት ናት። ማድ ቤቱ የጋራ ነው።

ዕቃዬን ሳላወርድ መጣችና "ድስት አለሽ?" አለችኝ።

"አለኝ እትዬ።"

"አሳዪኝ።"

አሳየኋት። እንደ ሰው ውስጡን ያየች እንዳይመስላችሁ። ገለበጠችውና ቂጡን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጥፍሯን ወደ ዓይኔ አምጥታ ጥላሸቱን አሳየችኝ። "የድስቷን ቂጥ ያላጠበች ሴት ፊቷን ለምን ትታጠባለች?" አለችኝ። ገና እንኳን ደህና መጣሽ አላለችኝም እኮ! ገና ስሜን አልጠየቀችኝም! በዚያው ዕለት በመንገድ አቧራ ላይ እንዳለሁ አመድ በወንፊት ነፍታ ሰጠችኝና ድስት ስፈገፍግ ዋልኩ።

እትዬ ባዩሽ አፍ የፈታችው በአገሩ ቋንቋ፣ በአሪኛ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ስትቆጣ ግን ሴቱና ወንዱ ይደባለቅባታል፣ ያኔ ድስቱ "እሷ" ይሆናል፣ እኔ "አንተ" እሆናለሁ። "አንተ" ካለችኝ ቀኑ እንዳለቀልኝ አውቃለሁ።

እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሰው በዚህ ይጣላል ይባላል፤ እኛም ተጣልተናል፣ ግን በተገላቢጦሽ ነው። የጾም ድስቴን ከፍስክ ድስቴ ለይታ፣ መያዣው ላይ ቀይ ክር አስራ፣ በራሷ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንድ ረቡዕ ቀን ቸኩዬ ሽሮዬን ሥጋ በነካ ማማሰያ ሳማስል ያዘችኝ። ሽሮውን አንስታ ለውሻ ደፋችው። "እትዬ፣ የምጾመው እኔ ነኝ፣ ምን ቸገረሽ?" አልኳት። "ድስቱ ምን አደረገ?" አለችኝ። "አንቺ ከአምላክሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ድስቱን ግን አታሳስቺው።" ያን ቀን በባዶ ሆዴ ሥራ ገባሁ።

ባሌ ታዴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ጂንካና ኦሞራቴ ይመላለሳል። አዲስ ሙሽሮች ሳለን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ከኦሞራቴ አንድ ጆንያ ደረቅ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ማድ ቤቱ ውስጥ ሰቀልኩት። እትዬ ባዩሽ ከጸሎት ስትመለስ ሽታው ከውጭ በር ተቀበላት። "አንተ!" አለችኝ። "ዓሣ የሚበላው ሰው ነው ወይስ ግድግዳ?" ከዚያ ያለ የሌለው ዕቃ ወጣ፤ ግድግዳው በፈላ ውሃና በሎሚ ታጠበ፤ ታዴ፣ ያ ምስኪን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው፣ ሸሚዙን አስወልቃ አጠበችበትና በካናቴራ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ዓሣውን ከሁላችን በላይ የበላችው ማን ይመስላችኋል? እሷው ናት። አጥንቱን እየመጠጠች "ጥሩ ነው፣ ሌላ ጊዜ ግን ውጭ ይሰቀል" አለች።

እንዲህ እያልን ኖርን። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ጠቧ ከድስትና ከግድግዳ ጋር ብቻ ነበር። ጣሪያው በኋላ ነው የመጣው።

ሩት ሐዋሳ አገባች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ እናቷ ቤት መጣች፤ ወጉ ነው፣ አራስ የሚያርሳት እናቷ ናት። እትዬ ባዩሽ ያን ሰሞን መሬት አልረገጠችም። ገብሱ ተፈጨ፣ ቅቤው ተነጠረ፣ የአጥሚቱ እህል ተሰናዳ። ሩት በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። የባሏ እናት ወይዘሮ አልማዝም ልጁን ልታይ ከሐዋሳ መጣች፤ ነጭ ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ በክፉ አላነሳትም።

እትዬ ባዩሽ ገንፎውን አገንፍታ ሳህን ላይ ገለበጠችው፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን ሞላችበት። ወይዘሮ አልማዝ "እስቲ እጅሽን ልይ" ብላ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እኔ ከጎኗ ነኝ። ይኼኔ ከጣሪያው፣ ከእንጨት ጭስ ብዛት እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሎ ከኖረው ጥቀርሻ፣ አንዱ ተበጠሰ። ቀስ ብሎ ወረደ። ሦስታችንም ሲወርድ እናየዋለን፣ ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም። ቅቤው መሃል አረፈና እየዞረ ተንሳፈፈ።

"ምንም አይደል" አለች ወይዘሮ አልማዝ።

በማግስቱ ግን መኪና ተጠራ። "ጨቅላው ጭስ እንዳይጎዳው ብዬ ነው፤ ሐዋሳ እኔ አርሳታለሁ" አለች። ሩት እያለቀሰች፣ እናቷን እያየች፣ አራስ አልጋዋ ሳይሞቅ ሄደች። ምን ታድርግ፣ የሰው ቤት ሰው ናት።

እትዬ ባዩሽ አላለቀሰችም። መኪናው ከበር ሲወጣ ማድ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች።

"ገነት" አለችኝ፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ድስት ሳጥብ ኖሬ፣ ወደ ላይ ለምን አላየሁም?"

"ሩት ሁለተኛ ልጅ ትወልዳለች እትዬ፣ ያኔ ታርሻታለሽ" አልኳት። ለማጽናናት ነው ያልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴትዮዋ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሩት ተመልሳ መጥታ እዚህ ማድ ቤት የተሠራ ገንፎ ትብላ። የእኔም መከራ ያኔ ተጀመረ።

የእሷን ጽዳት ያላየ ሰው ጽዳት አየሁ አይበል። መጀመሪያ ዕቃው በሙሉ ይወጣል። ከድስት እስከ ጭልፋ፣ ከሙቀጫ እስከ ወንፊት፣ የበርበሬው ቆርቆሮ፣ የጨው ብልቃጥ፣ መደርደሪያው ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ ሳይቀር ግቢው ውስጥ ይሰጣል። ቀጥሎ ራሷ ላይ ፌስታል ታስራለች፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ትሸፍናለች፣ ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ ይዛ መሰላል ላይ ትወጣለች። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ። ጥቀርሻው የሚወርደው በማን ላይ ነው? መሰላል በያዘችው ላይ ነዋ! ከዚያ ግድግዳው፤ ቅባት የጠጣውን በሳሙናና በፈላ ውሃ፣ ከዚያ በኖራ። ከዚያ መደርደሪያው በበረኪና። ወለሉ መጨረሻ ነው። "ከላይ ወደ ታች!" ትላለች። "ከታች የጀመረ ሁለቴ ይለፋል።" እኔ ደግሞ ከታችም ጀመርኩ ከላይ፣ ሁለቴ ነው የምለፋው፣ ምክንያቱም እሷ ጨርሳ ታይና "ደግመን" ትላለች።

መብራት ሲገባ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። አልሸሹም ዞር አሉ! ጂንካ ነው፣ መብራቱ ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ እንጨት ይነድዳል፣ እንጨት ሲነድ ጥቀርሻው ይመለሳል፣ ጥቀርሻው ሲመለስ ቀርከሃው ይነሳል።

ጠባይዋም ተለወጠ። የሰው ማድ ቤት ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። "ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪው፣ ከዚያ ወጥሽን ሥሪ" ትላለች ለሁሉም፤ ለሙሽራም፣ ለአሮጊትም። ስንት ሰው ተቀይሟታል መሰላችሁ! አንድ ከገጠር የመጣ ወንጌላዊ ደግሞ ጎረቤት ቤት ስትገባ አይቷት "ይህች እናት እግሯ ቤት ሲረግጥ ዓይኗ ወደ ሰማይ ነው፤ እንዲህ ያለ የጸሎት ሰው አላየሁም" ብሎ ጉባኤ ፊት መሰከረላት። "እትዬ፣ አታፍሪም? ለምን ዝም አልሽው?" አልኳት። "መጸለይስ እጸልያለሁ" አለችኝ። "ጥቀርሻ እንዳይወርድ።"

ሩት ሁለተኛ አረገዘች። ወይ ጣጣ! ዜናው በተሰማ ማግስት መሰላሉ ተነሳ። አጸዳን፣ ጠበቅን። "ሐኪሙ መንገድ ከልክሎኛል እማዬ" አለች ሩት በስልክ። ሐዋሳ ወለደች። እትዬ ባዩሽ "ደህና ናት፣ ዋናው እሱ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችና ንጹሑን ማድ ቤት እንደገና ማጽዳት ጀመረች። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀርከሃውን ከእጇ ቀማኋትና "ይሄ እኮ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው! አትመጣም! ምን አደከመሽ? ምን አደከመኝ?" አልኳት።

ቀርከሃውን ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችው። "ላሟ ብትመጣስ?" አለችኝ። "በረቷን ቆሻሻ ታገኘው?"

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ክርክር አለ? የለም። መሰላሉን ያዝኩ።

አሁን ወደ ድስቶቹ ልምጣ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚያ ነው። የእድራችን ዕቃ የሚቀመጠው እሷ ግቢ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ሰው የሚያክሉት ድስቶች፣ ሁሉም በአንድ የቆርቆሮ መጋዘን። በሰፈራችን እነዚያ ድስቶች ግቢ ውስጥ ተደፍተው ከታዩ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል።

አንድ ቀን የራሷን ዕቃ አጥባ ጨረሰች። ፀሐዩ አለ፣ አመዱ ተርፏል፣ እኔም ሞኟ ቆሜያለሁ። "የእድሩስ ድስቶች?" አለች።

"እትዬ፣ በማርያም!"

"ማርያምን ተያት፣ በዚያ በኩል ያዥ።"

አወጣናቸው። አግዳሚዎቹንም "ትኋን እንዳይዛቸው" ብላ አስወጣችኝ። እሷ ወደ ጣሪያዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታችን አሰለፈች ነጠላዋን ዘቅዝቃ "ወይኔ እናቴ! ወይኔ ባዩሽዬ!" እያለች፣ ደረቷን እየደቃች በበር ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች። ከእነሱ ኋላ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ለማ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና "እግዜር ያጽናሽ ልጄ፣ ምን ነክቷት ነው?" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው እትዬ ባዩሽ ከማድ ቤት ብቅ አለች፤ ፊቷ በጥቀርሻ ጠቁሮ፣ ፌስታሉን ራሷ ላይ አስራ፣ ቀርከሃዋን ይዛ። አሰለፈች በቁሟ ጮኸች። አንዷ ሴትዮማ በአጥሩ ሽንቁር ልታመልጥ ስትል ቀሚሷ ያዛት።

"ማነው የሞተው?" አለ ጋሽ ለማ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ።

"በረሮ" አለች እትዬ ባዩሽ። "ብዙ ሞቷል።"

ጋሽ ለማ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "ስሚኝ ባዩሽ! ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ ድስት ሰው ሳይሞት ከመጋዘን እንዳይወጣ!"

"እሺ ጋሼ" አለችው። "ግን ሰው ሲሞት በቆሻሻ ድስት ልትቀቅሉ ነው?"

ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። እሷ ግን ሥራ አላጣችም። "ከመጣችሁ አይቀር" አለችና ለእያንዳንዷ ለቀስተኛ ሽቦና አመድ አደለች። ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሁሉ እጅጌዋን ጠቅልላ ድስት ስትፈገፍግ ዋለች። አሰለፈች "የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ፤ ሁለተኛ ለባዩሽ አላለቅስም!" እያለች ነው የፈገፈገችው።

ድስቶቹ ከዚያ ወዲያ መውጣታቸውን አላቆሙም። ሰውም ለመደ። ከአጥሩ በላይ ተደፍተው ሲታዩ "ባዩሽ ዛሬም ጀመረች" ይባላል፣ ይታለፋል። የእኔም ጩኸት እንደዚያው ተለመደ። የጽዳት ቀን ድምፄ ከሜዳው ማዶ ይሰማል፤ "ኡኡ! ኧረ ገደለችኝ! ኧረ ሰው ድረሱልኝ!" መንገደኛው ይስቃል።

ዓመታት ሄዱ። የአውሮፕላን ሜዳው ከከተማው ወጣ፣ የእኔ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ እትዬ ባዩሽን ደም ግፊት ያዛት። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘላት። ለማን? አንድ ቀን ሩት ደወለች፤ ሦስተኛ አርግዛ ወሯ ገብቷል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገነው ሁለታችንም እንሰማለን።

"እማዬ፣ ሁለቱን ስወልድ ሰው ቤት የታረስኩ ነው የሚመስለኝ። ይሄን አንቺ ታርሺኛለሽ። ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ ቅዳሜ ከሰዓት በአርባ ምንጩ አውቶብስ እገባለሁ።"

እትዬ ባዩሽ ስልኩን አስቀመጠችና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"አይሆንም!" አልኳት። "ባለፈው ወር አጽድተናል! አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ እኔም አርጅቻለሁ!"

"አልማዝም ልትመጣ ትችላለች" አለችኝ። "መሰላሉን አምጪ።"

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው ሁሉ ወጥቷል። የእድሩም ድስቶች ወጥተዋል፣ መቼም አይለቃትም። "መሰላሉ ላይ እኔ ልውጣ" ብላት እንቢ ብላ ራሷ ወጥታ ጣሪያውን ጨረሰች። ግድግዳው አልቋል። የቀረው ወለሉ ነው። የቧንቧው ውሃ ሄዶ ስለነበር ጀሪካን ሰጥታኝ ጎረቤት ጉድጓድ ላከችኝ። እያጉረመረምኩ ሄድኩ፣ እያጉረመረምኩ ተመለስኩ። ማድ ቤት ስገባ አንዱን ድስት አስገብታ፣ ደፍታ፣ እሱ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ቀርከሃውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች።

"አዎ፣ ጸድቷል!" አልኳት ከበሩ። "ምን ታያለሽ ደግሞ? ዝንብ የምታርፍበት እንኳን አልተውሽም። በይ ተነሺ፣ ወለሉ ይቀራል።"

ዝም።

"እትዬ፣ ከብዶኛል እኮ! ደግመን ልትዪኝ ከሆነ አሁኑኑ ነው ግቢውን የምለቀው!"

ዝም አለች። እሷ ደግሞ ዝም አትልም። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ እሷ አልተቆጣችኝም። ያኔ ነው ያወቅሁት።

ጮህኩ። "ኡኡ! ኧረ ገደለችኝ! ኧረ ሰው ድረሱልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሌላ ምን ልበል? በዚያ ግቢ ሌላ ጩኸት አላስለመደችኝም።

ከአጥሩ ማዶ አሰለፈች ስትስቅ ሰማኋት። "አይዞሽ ገኒ! ዛሬ ጣሪያው ነው ድስቱ?" ብላ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ገበያ ሄደች። ቅዳሜ ነው፣ አገሩ በሙሉ ገበያ ነው። ስልክ አነሳሁ፣ ኔትወርክ የለም፤ በሚፈለግበት ሰዓት መቼ ኖሮ ያውቃል። ታዴ ኦሞራቴ ነው። ሬሳ ብቻውን ትቼ እንዴት ልውጣ? ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ በመንገድ የሚያልፈውን "እትዬ ባዩሽ ሞተች!" እላለሁ፣ አንዲቷ "እሷ? አንቺን ሳትጨርስ?" ብላኝ አለፈች። አለቅሳለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ገብቼ ዓይኗን እከድናለሁ፣ ወጥቼ ደግሞ እጮሃለሁ። "ይኸው፣ የሠራሽውን እዪ!" አልኳት። "ለሰው ሁሉ ስታለቅሺ ኖረሽ፣ አሁን ማን ይምጣልሽ?"

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ለማ ዱላውን ይዞ ገባ። ድስት መውጣቱን ሰው ነግሮት ሊቆጣ ነው የመጣው። "ባዩሽ! እኔ ምን ብዬሽ ነበር? ሰው ሳይሞት…" አለና ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጥሩምባ ነፊው ተላከ። ጥቂት ወንዶች ተሰብስበው አግዳሚዎቹን ሲደረድሩ፣ ድንኳኑ ገና ሳይተከል፣ የውጭው በር ተከፈተ። ሩት ናት። ሆዷ ገፍቶ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ድስቶቹን አይታ ሳቀች።

"እማዬ! ኧረ እማዬ! ወንበሩን ሳይቀር አስወጣሽው? ኢንስፔክሽን ነኝ እንዴ እኔ?"

ማንም አልሳቀም። ሩት ከድስቶቹ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ማድ ቤቱ በር አየች። ሻንጣዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከዚያ ያለውን አልነግራችሁም፤ ለቅሶ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከቀብር መልስ ዝናብ መጣ። ወጥ ሠሪዎቹ እንጨት ተሸክመው ወደ ማድ ቤቱ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ተገተርኩ።

"እዚህ እሳት አይነድም!"

"ምን ሆነሻል ገነት? ዝናቡን አታዪም?" አለች አሰለፈች።

"ዝናብም ይዝነብ፣ በረዶም ይውረድ! ሸራ ወጥራችሁ ውጭ አብስሉ!"

"ልቧን ነክቷታል" አለች ለሌሎቹ። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "ለማን ነው የምትጠብቂው?" አለችኝ።

"ለአራሷ" አልኳት።

አሰለፈች እንጨቱን አወረደች። ሸራውን ራሷ ናት የወጠረችው። እኔ ገብቼ የቀረውን ወለል ጨረስኩ።

ድንኳኑ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ሩት ሴት ልጅ ወለደች። ወይዘሮ አልማዝ ለለቅሶ መጥታ እዚያው ቆይታ ነበር። "ሩትዬ፣ እንግዲህ እናትሽ የለችም፤ ሐዋሳ ልውሰድሽና እኔ ላርስሽ" አለቻት። ከልቧ ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሩት ግን ራሷን ነቀነቀች። "እዚህ ነው የምታረሰው።" "ማን ሊያርስሽ?" ሩት ወደ እኔ አየች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ? እናት ስትጨርሰኝ ልጅ ልትቀጥል!

ታጥቦ የተቀመጠውን ድስት አንስቼ እንደገና አጠብኩት። ቂጡን በጥፍሬ ፋቅሁት። ከሰል አቀጣጠልኩ፣ እንጨት ወደዚያ አላስደርስም። ገንፎውን አገነፋሁ፣ ሳህን ላይ ገለበጥኩ፣ መሃሉን ጎድጎድ አደረግሁ። ቅቤውን ላፈስ ስል በሩ ጨለመብኝ። ወይዘሮ አልማዝ በዚያው በድሮው ቦታዋ ቆማለች። ቅቤውን አፈሰስኩ።

ወይዘሮ አልማዝ ቀና አለች። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። እኔም አብሬያት አየሁ። ምንም አልወረደም።

"ማነው እንዲህ አድርጎ ያጸዳው?" አለችኝ።

"ባለቤቷ ናት" አልኳት።

ወይዘሮ አልማዝ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝና ራሷ ለሩት ይዛላት ሄደች።

ብቻዬን ቀረሁ። ድስቱን አነሳሁ፣ ቂጡ ጠቁሯል። ተነሺ ደግሞ እጠቢ! አመዱን ስፈልግ ከጓዳ የሩት ድምፅ መጣ፤ "ገኒ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ!" ትላለች።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

"ሰማሽ እትዬ?" አልኳት። "ጨምሪልኝ ነው የምትለው።"